መንገዱ ተሠራ፣ ታክሲ ግን አይገባም፦ የሚጠየቀው ማነው?

የመነሻ ጽሑፍ

ስለ ደሴ መንገድና ታክሲ በአንድ የውይይት መድረክ የተጻፈውን እዚህ አጠቃልያለሁ። ውይይቱን የከፈተው የደሴ ነዋሪ የጠየቀው ብዙ ሰው በልቡ ይዞ የሚዞረውን ጥያቄ ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሐል በጠባብ ሸለቆ የተዘረጋች ከተማ ናት። ሚኒባሱ ታችኛውን አስፋልት ይዞ ይመላለሳል፤ ሕዝቡ ግን ግራና ቀኝ ዳገቱ ላይ ነው የሚኖረው። ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቶ ኮብልስቶኑ ወደ ላይ ወጣ፣ ተመረቀ፣ ታክሲ ግን አልወጣበትም። መንገድ የሚሠራው ክፍል ድርሻዬን ጨርሻለሁ ይላል። ስምሪት የሚሰጠው መንገዱ አይመችም ይላል። የታክሲ ማኅበሩ አያዋጣኝም ይላል። ቀበሌው ከአቅሜ በላይ ነው ይላል። አራቱም በየበኩላቸው እውነት የሚመስል ነገር ይዘዋል፤ ለነዋሪው መልስ የሚሰጥ ግን የለም። ጸሐፊው በመጨረሻ የራሱን ግምት ጨመረ፦ ዋናው ጥፋት የሾፌሮች ስግብግብነት ነው፣ አስተዳደሩም እያየ ዝም ይላል። ውይይቱ የጦፈው በዚህች ግምት የተነሣ ነው።

መልሶቹን በየቁጥራቸው አስቀምጫለሁ። አንዳንዶቹን አሳጥሬአለሁ፤ ልክና አሠራር ያለባቸውን ግን አልቆጠብኩም፣ ምክንያቱም ሰው ነገ ወስዶ ሊሠራባቸው ይችላል።

መልስ 1

ሰላምታ አስቀድሞ፣ ጠያቂውን አብሽር ብሎ፣ በነገሩ ሙሉ በሙሉ ተስማማ። የጨመረው አንድ ነገር ነው፦ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡና ጉሙ ሲበረታ ነፍሰ ጡሯና አረጋዊው የሚወጡት በባጃጅ ኮንትራት ነው፤ ስለዚህ ስምሪት የሌለው ሰፈር ድሃው አብዝቶ የሚከፍልበት ሰፈር ይሆናል።

መልስ 2

የታክሲውን ሥራ በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው። በትሕትና ቢጽፍም የስግብግብነቱን ክስ አልተቀበለም። ታሪፉ የሚወጣው በኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሜዳና አንድ ኪሎ ሜትር ዳገት ግን ለመኪናው አንድ አይደሉም። አሥራ ሁለት ሰው የጫነ ሚኒባስ በአንደኛ ማርሽ እየጮኸ ሲወጣ ነዳጁ ብቻ ሳይሆን ፍሪሲዮኑም ያልቃል፤ ሲወርድ የፍሬን ሸራው ይበላል። በዚያ ላይ ጠዋት ሰው የሚወርደው ወደ ታች፣ ማታ የሚመለሰው ወደ ላይ ስለሆነ መኪናው አንዱን ጉዞ ባዶውን ይሄዳል። ይህን ያላሰበ ታሪፍ ወጥቶ ሾፌሩን ግባ ማለት፣ በግድ ካልሆነ በቀር አይሠራም። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው ለዳገት መስመሮች የደርሶ መልስ ወጪን የሚያሰላ የተለየ ታሪፍ ነው፤ ያውም በይፋ ወጥቶ፣ ማኅተም አርፎበት፣ መኪናው ውስጥ የሚለጠፍ።

መልስ 3

ቁጣ አለበት። ለዳገቱ ምክንያት ተሰጠ፣ ለሜዳው ምን ሊባል ነው ሲል ጠየቀ። ታችኛው አስፋልት ላይ እኮ በመውጫና በመግቢያ ሰዓት አንዱ መስመር ለሁለት ይቆረጣል፣ ተሳፋሪው መሐል ላይ ወርዶ እንደገና ይከፍላል። ታፔላው የሚለው ሌላ፣ ረዳቱ የሚጠራው ሌላ። ተራ አስከባሪው አጠገቡ ቆሞ ያያል።

ቁጣው እንዳለ ሆኖ ጠቃሚ ነገርም ጽፏል። መስመር ቆረጡብን ብሎ በቃል መክሰስ ዋጋ የለውም፤ የሰሌዳ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ ታፔላው ላይ የተጻፈው መነሻና መድረሻ፣ ሰው የወረደበት ቦታና የተከፈለው ብር መያዝ አለባቸው። አምስቱ ከተሟሉ አስተዳደሩ የሚቀጣበትን መኪና ያውቃል። ከጎደሉ ክሱ የአጠቃላይ ስሞታ ሆኖ ይቀራል።

መልስ 4

መንገድ መሐንዲስ መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ለእኔ የውይይቱ አከርካሪ ይህ መልስ ነው። የአስተዳደሩን ተጠያቂነት ከስሜት አውጥቶ መሬት ላይ ወደሚለካ ነገር አወረደው። ታክሲ የማይገባበት መንገድ በሦስት ነገር ይታወቃል ይላል፦ በዳገቱ፣ በስፋቱና በማዞሪያው።

ዳገቱን ማንም ሰው ይለካዋል። ሁለት ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ጣውላ ይያዝ፤ ላዩ ላይ ውሃ ልክ ይቀመጥ። አንዱ ጫፍ መንገዱ ላይ ይረፍ፤ በቁልቁለቱ በኩል ያለው ጫፍ ውሃ ልኩ እስኪስተካከል ይነሣ፤ ከተነሣው ጫፍ እስከ መሬት ያለው ይለካ። 24 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዳገቱ 12 በመቶ ነው፣ 30 ከሆነ 15 በመቶ፣ 40 ከሆነ 20 በመቶ። መለካት ያለበት አስቸጋሪው ቦታ ነው፤ አማካዩን መያዝ ያታልላል፣ ምክንያቱም መኪናው የሚቆመው እዚያች አንዲት ቁልቁለት ላይ ነው። በእሱ አስተያየት 15 በመቶ ያለፈ ኮብልስቶን ላይ፣ በተለይ ሲረጥብ፣ ሰው የጫነ ሚኒባስ መሰማራት የለበትም።

ስፋቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ሚኒባሱ ያለ መስታወቱ 1.7 ሜትር ገደማ ይሰፋል። ሁለቱ ሳይነካኩ እንዲተላለፉ 5.5 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። መንገዱ 4 ሜትር ከሆነ ደግሞ በየተወሰነ ርቀት፣ አንዱ ሌላውን ከሩቅ በሚያይበት ቦታ፣ መተላለፊያ ኪስ መውጣት አለበት። ነዋሪው ገዝቶ የከመረው አሸዋና ጠጠር መንገዱን አንድ ሜትር ሲበላው ይህ ሒሳብ እንደሚበላሽ ማስታወሱ ተገቢ ነው፤ ያ ጥፋት የእኛው ነው።

ማዞሪያውን ግን ማንም አያስበውም፤ ብዙ ጊዜ ሾፌሩን የሚያስቀረው ይኸው ነው። ኮብልስቶኑ ገንዘቡ ያለቀበት ቦታ ላይ ያበቃል፤ ብዙ ጊዜም የአንድ ሰው አጥር ሥር። ሚኒባስ በአንድ ጊዜ እንዲዞር 12 ወይም 13 ሜትር የሚሰፋ ገላጣ ቦታ ይፈልጋል፤ ያ ከሌለ ጎን ለጎን የወጣ የኋላ ማርሽ መግቢያ ይበቃዋል። ሁለቱም ከሌሉ ሾፌሩ ቁልቁለቱን ሁሉ በኋላ ማርሽ መውረድ አለበት፣ ልጆች በሚጫወቱበት መንገድ። ይህን እምቢ ያለ ሾፌር ስግብግብ ሊባል አይገባውም። መንገዱን የነደፈው ክፍል ግን ሊጠየቅበት ይገባል፤ ወረቀት ላይ ሳለ አንድ መስመር ብቻ ነበር የሚያስጨምረው።

መልስ 5

ኮብልስቶን ሲነጠፍ አጠገቡ የዋለ ሰው ነው። መልስ 4ን አመስግኖ በአንድ ነገር አረመው፦ 15 በመቶ በራሱ መከልከያ አይሆንም፣ ርዝመቱ ነው የሚወስነው። ከላይና ከታች ሜዳ ያለው አጭር ዳገት ይወጣል፤ ሳይቋረጥ የሚቀጥል ረጅም ዳገት ግን በ12 በመቶም መኪና ይገድላል።

ከዚያ መንገዱ በሁለተኛው ክረምት ለምን እንደሚፈርስ ዘረዘረ። አሥር በአሥር ሴንቲ ሜትር የሆነው ድንጋይ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ አሸዋ ላይ ነው የሚቀመጠው። ዳገት ላይ የመኪና ፍሬንና ውሃ ተባብረው ድንጋዩን ወደ ታች ይገፉታል፤ ስለዚህ ከግራና ቀኙ ከርብ ስቶን (የጠርዝ ድንጋይ) በተጨማሪ መንገዱን የሚያቋርጥ የኮንክሪት ማገጃ በየመሐሉ ያስፈልጋል። ማገጃው ወጪ ለመቀነስ ሲቀር መጀመሪያ የድንጋዩ መጋጠሚያ ይከፈታል፣ ቀጥሎ አሸዋው ይታጠባል፣ ከዚያ መሐሉ ይሰረጉዳል። የተሰረጎደ መንገድ ላይ ደግሞ ባጃጅ እንኳ ይገለበጣል።

ዲቹም (የጎርፍ መውረጃው ቦይ) እንዲሁ ነው። ቁልቁል የሚወርድ ዲች ወለሉ በደረጃ ካልተከፋፈለ ውሃው ኃይል ያገኝና መሠረቱን ይቦረቡረዋል። ከሁሉ የከፋው መጨረሻ የሌለው ዲች ነው። ወንዝ ወይም ትልቅ ቦይ ሳይደርስ ታች ባለው ጎረቤት አጥር ላይ ከተለቀቀ፣ ለአንዱ ሰፈር መንገድ ሌላው ሰፈር ቦረቦር ይከፍላል። ደሴ ደግሞ መሬቷ የሚንሸራተት ከተማ ናት፤ የድጋፍ ግንብ ሲሠራ የውሃ መተንፈሻ ቀዳዳ ካልተተወለት ከኋላው የታቆረው ውሃ ግንቡን ገፍቶ ይጥለዋል። ርክክብ ላይ እነዚህን የማያይ ተረካቢ ኮሚቴ የፈረመው ለወረቀቱ ነው።

መልስ 6

ስለ ፕላን ነው። ጥያቄው ዘግይቶ ነው የተነሣው ይላል። በ2000 የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መዋቅራዊ ፕላንን ለአሥር ዓመት የሚያገለግል አድርጎ፣ ከሥሩም የአካባቢ ልማት ፕላንን አስቀምጧል፤ ረቂቁ ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበትም ይጠይቃል። የየመንገዱ ደረጃና ስፋት የሚወሰነው እዚያ ነው። ሰፈሩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ በፕላኑ ላይ የውስጥ ለውስጥ መተላለፊያ ሆኖ ከተመዘገበ ሠሪው በጠባቡ ሠርቶት ይሄዳል፣ ጥፋትም አይሆንበትም። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ መንገዳችን በፕላኑ ላይ ስንት ሜትር ነው የሚለው ነው። በፕላኑ 10 ሜትር ሆኖ መሬት ላይ 5 ከተገኘ፣ ወይ አጥር ገፍቶ ገብቷል፣ ወይ ተቋራጩ አሳንሷል፤ ሁለቱም ስም ያለው ተጠያቂ አላቸው።

መልስ 7 እና 8

መልስ 7 በልበ ሙሉነት አዋጅ 1183/2012ን ጠቀሰ። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁ ስላለ ቀጥታ ፍርድ ቤት ሄዶ ውሳኔውን ማስከለስ ይቻላል ባይ ነው።

መልስ 8 ቆጣ ብሎ መለሰ። አዋጁ የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን እና ለፌዴራሉ ተጠሪ የሆኑትን አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው፤ የአማራ ክልል ከተማ የሆነችው ደሴ በእሱ አትዳኝም። ሳያነቡ ሰውን ጠበቃ ቤት መላክ ገንዘብ ማስጨረስ ነው ሲልም ገሠጸ። ቃሉ ጠንከር ቢልም እርማቱ ትክክል ነው፤ ይህ ስሕተት በብዙ ቦታ ሲደጋገም ይታያል። መልስ 7 ተመልሶ፣ እርማቱን እቀበላለሁ ግሣጼው ግን ባይኖር ይሻል ነበር አለ።

መልስ 9

ሕጉን በእርጋታ ያስተካከለው ይህ ነው። ደሴ ላይ የሚሠራው የመረጃ ነፃነት ሕግ ነው አለ። በአዋጅ 590/2000 የመረጃ ክፍል መሠረት የክልልም የከተማም መንግሥታዊ አካል መረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ጠያቂው ለምን እንደፈለገው ማስረዳት አይጠበቅበትም። በቃል እንኳ ቢጠይቅ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው በጽሑፍ ሊያሰፍርለት ይገባል። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ክልከላ ካለም ምክንያቱ በጽሑፍ መገለጽ አለበት። ካልተሰጠ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። የበላዩ መሠረት ሕገ መንግሥቱ ነው፦ አንቀጽ 12 ስለ አሠራር ግልጽነትና ተጠያቂነት፣ አንቀጽ 29 መረጃ ስለ ማግኘት፣ አንቀጽ 43 ኅብረተሰቡ በሚነኩት ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ ስለ መስጠቱ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ምን ይጠየቅ የሚለው ነው። ስለ መንገዱ መረጃ ይሰጠን ብሎ የጻፈ ሰው የሚያገኘው የሪፖርት ወሬ ነው። ሰነዱ በስሙ መጠራት አለበት፦ የመንገዱ ዲዛይን ሥዕል ዳገትና ቁልቁለቱን ከሚያሳየው ቁመታዊ መገለጫ ጋር፣ የሥራ መጠንና የዋጋ ዝርዝሩ፣ ጊዜያዊ የርክክብ ሰነዱ፣ የዋስትና ጊዜው የሚያልቅበት ቀን፣ ለጥገና የተያዘው ገንዘብ መከፈል አለመከፈሉ። በተለይ የመጨረሻው አስቸኳይ ነው። የዋስትናው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ ሳያልፍ የተሰረጎደው ከተመለከተ ተቋራጩ በራሱ ወጪ ያድሳል። ካለፈ በኋላ እዳው ወደ ከተማው በጀት፣ ማለትም ወደ ነዋሪው ኪስ ይዞራል።

መልስ 10፣ 11 እና 12

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። መልስ 10 ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች ማዞሪያና ዳገት ችግሯ አይደለም፣ ችግሯ ሰዓት ነው ይላል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ የሺፍት ሠራተኛ ይዞ መጣ፤ የታክሲ ስምሪት ግን የሚወጣው ለገበያና ለቢሮ ሰዓት ነው። ማታ ከሥራ የምትወጣ ሴት ልጅ በእግሯ መንገድ ዳር ስትሄድ ማየት የፕላን ጉድለት ነው፤ ፓርክ ሲፈቀድ የሠራተኛው መጓጓዣ አብሮ መፈረም ነበረበት። ይህን አምኜበታለሁ።

መልስ 11 ስለ አዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሃራ ገበያ ሐዲድ አንሥቶ፣ ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ተሳፋሪው ከጣቢያው ወደ ከተማ በምን ሊገባ ነው ሲል ጠየቀ። ሌላ ሰው ደግሞ በደሴና በኮምቦልቻ መሐል ያለውን የሃረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ጨመረ። መልስ 12 አወያዩ ነው፤ ለኮምቦልቻ ሌላ ውይይት እንዲከፈት ጠይቆ ወደ ደሴ መለሰን።

መልስ 13

በጣም የመረረ ነው። ወረቀት፣ ወረቀት ትላላችሁ፣ ኃላፊው በተቀየረ ቁጥር መዝገቡ አብሮት ይጠፋል አለ። ደብዳቤ የሚያስገባ ሰው ዛሬ ና፣ ነገ ና ተብሎ ይሰለቻል። የ2014ቱ ጦርነት ሰነድ አጥፍቷል የሚል መልስ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ለተሠራ መንገድ ሳይቀር ሲሰጥ ይሰማል። ሕዝቡ ወጥቶ መንገዱ ላይ ካልቆመ ማንም አይሰማውም ባይ ነው። ሦስት ሰዎች ተከትለው ደገፉት፣ አንዱ ሰደበው፣ አወያዩ ስድቡን አነሣው።

መልስ 14

ምሬቱን አልናቀም። የተቆጡት እውነት አላቸው ብሎ ጀመረና፣ ወረቀት የሚጠፋው እንዲጠፋ ሆኖ ሲገባ ነው አለ። አቤቱታው በአራት ቅጂ ይዘጋጅ፣ አንዱ በእጃችሁ ይቅር። አንዱ ለሚመለከተው ክፍል፣ አንዱ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት፤ በግልባጭ ማን ማን ጋ እንደደረሰ ከሥሩ ይጻፍ። መዝገብ ቤት ሲገባ የገቢ ቁጥርና ቀን በራሳችሁ ቅጂ ላይ ይመታ፤ ማኅተም ያልተመታበት ቅጂ እንዳልገባ ይቆጠር። ተከታዩ ደብዳቤ በዚያ ቁጥር ይጀምር። እንዲህ ሲሆን አዲስ የመጣው ኃላፊ አላውቅም ማለት አይችልም።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ፣ ለማዞሪያና ለዲች ገንዘብ የሚያዘው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ነሐሴ ላይ ጎርፍ ሲመጣ የሚገባ አቤቱታ ለሚቀጥለው ዓመት ነው የሚነበበው። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2010 የተጀመረውና 117 ከተሞችን ያቀፈው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ከተሞች ሕዝብ ያወያዩበት፣ በየዓመቱ የሚከለስ የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ፕላን እንዲያዘጋጁ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ መንገዳችን የትኛው ዓመት ላይ ተጽፏል ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል።

መልስ 15

የባጃጆችን ነገር አነሣ። ባጃጅ በሕግ የሚጭነው ሦስት ሰው ነው፤ ዳገት ላይ ከዚያ በላይ ሲጭን ፊቱ ይቀልና መሪው አይታዘዝም። ሚኒባስ ለማይደርስባቸው ጠባብ መንገዶች ባጃጅ በተራ፣ በታወቀ ታሪፍ እንዲሠራ መስመር ቢሰጠው የኮንትራቱ ብዝበዛ ይቀንሳል። መልስ 2 ይህን ወዲያው ደገፈው።

መልስ 16

ወደ ታሪፉ ተመለሰ። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የታለመ የነዳጅ ድጎማ ለሕዝብ ማመላለሻ በቴሌብር ሲሰጥ፣ ታሪፉን የሚያወጣው አካል ድጎማውን ቆጥሮ ነበር የሚያሰላው። ድጎማው እየተነሣ ሲሄድ ታሪፉ በጊዜው ካልተከለሰ ሾፌሩ ልዩነቱን መስመር በመቁረጥ ያካክሳል። ለመልስ 3 የተሰጠ መልስ ነው፤ መልስ 3 ግን፣ ይህ ቢገባውም የተሳፋሪውን ሁለት ጊዜ መክፈል እንደማያጸድቀው ጻፈ። በዚህ ከመልስ 3 ጋር ነኝ።

መልስ 17

ስለ ኮሪደር ልማትና ስለ ካሣ ጠየቀ። አወያዩ፣ ጉዳዩ በአዋጅ 1161/2011 እና በማሻሻያው የሚታይ፣ የቅሬታ ጊዜውም በቀናት የሚቆጠር ስለሆነ እዚህ ተቀብሮ እንዳይቀር ለብቻው እንዲወጣ መከረ።

መልስ 18

የመነሻውን ጽሑፍ የጻፈው ሰው ተመልሶ መጣ። የተባለውን ሰብስቦ የአቤቱታ ረቂቅ አቀረበ። አራት ጥያቄ አለው፦ መንገዱ በፕላኑ ላይ ያለው ስፋት፣ የዋስትናው ማብቂያ ቀን፣ መጨረሻው ላይ ማዞሪያ እንዲወጣ፣ ማዞሪያው እንዳለቀ በዳገት ታሪፍ ስምሪት እንዲሰጥ። ከረቂቁ ጋር ሦስት ቦታ ላይ የተለካ ዳገትና ስፋት እንዲያያዝ፣ ፊርማውም ከነቤት ቁጥሩ እንዲሆን ጠየቀ።

መልስ 19

መልስ 4 የሰጠው መሐንዲስ ረቂቁን አይቶ ቅደም ተከተሉ ይቀየር አለ። ማዞሪያው አንደኛ ይሁን። ታሪፍ ነገም ይከለሳል፣ ድንጋይም ነገ ይነጠፋል፤ ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለው ክፍት ቦታ ግን በሊዝ ተላልፎ ከታጠረ በኋላ የሚመለሰው በካሣ ነው። ስለዚህ ለፕላን ክፍሉ የሚገባው ደብዳቤ ሌላውን ሳይጠብቅ በዚህ ሳምንት ይግባ፤ የቦታው ንድፍ በእጅ ተሥሎ፣ ከሁለት የማይነቃነቁ ምልክቶች፣ ለምሳሌ ከመብራት ምሰሶና ከግንብ ጥግ፣ ያለው ርቀት በሜትር ተጽፎ ይያያዝ።